ለቀርፋፋ የዳያል አፕ መስመር የትኛው የዊንዶው መጠን ይሻላል?

ሞደማችሁ በስልክ መስመሩ (ዳያል አፕ የሚባለው ይሄው ነው) ተገናኝቷል። አንድ ፋይል እያወረዳችሁ ነው። ጎን ለጎን አንድ ገጽ ልክፈት ስትሉ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል፤ አምስት ሰከንድ፣ አስር ሰከንድ፣ ምንም የለም። መስመሩ የተቋረጠ ይመስላችኋል። አልተቋረጠም፣ ፋይሉ እየወረደ ነው። ገጹ ወረፋ ላይ ነው ያለው፤ ወረፋውን ያስረዘመው ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሳችሁ ኮምፒውተር ነው፣ ለሰርቨሩ «ሳልመልስልህ ይህን ያህል መላክ ትችላለህ» ብሎ የሰጠው ፈቃድ ለዚህ ቀጭን መስመር ከልክ በላይ ስለሆነ።

ያ ፈቃድ ሪሲቭ ዊንዶው ይባላል። ስሙ ከዊንዶውስ ጋር ይመሳሰል እንጂ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር አይገናኝም። በቲሲፒ (ኮምፒውተሮች መረጃ በቅደም ተከተል የሚላላኩበት ደንብ) ግንኙነት ላይ ሰርቨሩ «ደርሶኛል» የሚል ደረሰኝ ሳይመጣለት መላክ የሚችለው ትልቁ የባይት መጠን ነው። ቁጥሩ በጣም ካነሰ ሰርቨሩ ደረሰኝ እየጠበቀ ሥራ ይፈታል፣ መስመሩም ባዶውን ይቀመጣል። ከበዛ ደግሞ ትርፉ አገልግሎት ሰጪው ጋ፣ ከሞደሙ ደጃፍ ላይ ተከምሮ ተራውን ይጠብቃል። ዳያል አፕ ላይ ይሄን ቁጥር ስትመርጡ የምትወስኑት የወረፋውን ርዝመት ነው። ከተወሰነ መጠን በኋላ ብታሳድጉት በሰከንድ አንድ ባይት እንኳ አይጨምርላችሁም።

ሳተላይት ስልክ ወይም ደካማ ጂፒአርኤስ የምትጠቀሙም ከሆነ ስሌቱ ያው ነው፤ ቁጥሮቹን ብቻ በራሳችሁ ቀይሩ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ሁለት ነገር ማወቅ አለባችሁ፦ የመስመሩን ፍጥነት እና የደርሶ መልሱን ጊዜ። 56ኬ የሚባለው የቪ.90 ሞደም በተግባር 56 አይሰጥም፤ አርባዎቹ ውስጥ ከተገናኘ ጥሩ ነው። ለስሌት እንዲመቸን 48 ኪሎቢት በሰከንድ እንበል። ይህ በሰከንድ 6,000 ባይት ነው። መስመሩ ሥራ ፈት ሆኖ ሳለ ፒንግ (ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚለካ ፕሮግራም) ስታደርጉ 300 ሚሊሰከንድ ካገኛችሁ፣ 6,000 በ0.3 ሲባዛ 1,800 ባይት ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመር። መረጃ የሚላከው ፓኬት በሚባሉ ቁራጮች ነው፤ 1,500 ባይት የሆነ ሙሉ ፓኬት በዚህ መስመር ላይ ለማለፍ ብቻውን ሩብ ሰከንድ ይፈጃል። ፒንግ ትንሽዬ ፓኬት ስለሆነ ይሄንን አያሳያችሁም። ስለዚህ ያንን 1,500 ጨምሩበትና 3,300 ባይት ገደማ ይመጣል። በቃ ይሄው ነው፤ መስመሩ ሳያቋርጥ እንዲሠራ በመንገድ ላይ መኖር ያለበት ይሄ ብቻ ነው። ታዲያ 65,535 ስትሰጡት የቀረው ስድሳ ሺህ ምናምን ባይት የት የሚቀመጥ ይመስላችኋል?

ወደ ታችም ግን ገደብ አለ። አንድ ፓኬት መንገድ ላይ ሲጠፋ ሰርቨሩ ቶሎ የሚያውቀው፣ ከጠፋው በኋላ የደረሱት ፓኬቶች ሦስት ተመሳሳይ ደረሰኝ ሲያስልኩለት ነው። ለዚህ ደግሞ ቢያንስ አራት ፓኬት መንገድ ላይ መኖር አለበት፤ አንዱ ሲጠፋ ሦስቱ ይመሰክራሉ። ሁለት ወይም ሦስት ፓኬት ብቻ የሚይዝ ዊንዶው ካደረጋችሁ፣ ፓኬት በጠፋ ቁጥር ሰርቨሩ ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ እናንተም አብራችሁ። ስለዚህ ከአራት ፓኬት በታች አትውረዱ። ይሄን አደራ እላለሁ።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፣ ቀላል ናት ግን ብዙ ሰው ይዘላታል፦ ዊንዶው የፓኬቱ ጭነት ብዜት ይሁን። 1,500 ባይት ፓኬት ውስጥ 40ው ባይት የአይፒ እና የቲሲፒ ራስጌ (አድራሻና መቆጣጠሪያ መረጃ) ነው፣ ጭነቱ 1,460 ነው። 8,192 ብላችሁ ብትሰጡ አምስት ሙሉ ፓኬት ይገባና 892 ባይት ይተርፋል፤ ያ ትራፊ ወይ ትንሽ ፓኬት ሆኖ ይላካል ወይ ጥቅም ላይ ሳይውል ይቀራል። 8,760 ብትሉት ግን ልክ ስድስት ፓኬት ነው።

ኤምቲዩ፦ 576 ወይስ 1,500?

የዊንዶውን መጠን ያለ ኤምቲዩ መምረጥ አይቻልም። ኤምቲዩ የፓኬቱ ትልቁ መጠን ነው። 576 የሚለው ቁጥር የመጣው በ1981 ከወጣው የአይፒ ደንብ ነው፤ ማንኛውም ኮምፒውተር ቢያንስ ይህን የሚያህል ፓኬት መቀበል መቻል አለበት ይላል። ዊንዶውስ 95 በስልክ መስመርም ላይ 1,500 ይጠቀም ነበር። ዊንዶውስ 98 ላይ ግን መስመሩ ቀርፋፋ ሲሆን ራሱ ወደ 576 እንዲወርድ ተደረገ።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በእኛ የ48 ኪሎቢት መስመር 1,500 ባይት ፓኬት 250 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ 576 ባይት ፓኬት 96 ሚሊሰከንድ። በፋይል መሐል የምትተይቡት አንድ ፊደል ወይም የቻት መልስ አንድ ሙሉ ፓኬት እስኪያልፍ መጠበቁ ስለማይቀር፣ ይሄ ልዩነት እጅ ላይ ይታወቃል። በ2001 ስለ ቀርፋፋ መስመሮች የወጣው የኢንተርኔት ምክረ ሐሳብም አንድ ፓኬት መስመሩን ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ እጅግ አልፎ እንዳይዝ ይመክራል። 1,500 በዳያል አፕ ላይ ይሄን ያልፋል፣ 576 በምቾት ይገባል።

ዋጋውስ? ራስጌው ነው። ከ1,500 ውስጥ 40 ባይት 2.7 በመቶ ነው፣ ከ576 ውስጥ ግን 7 በመቶ ሊሞላ ነው። 1 ሜጋባይት ፋይል በትልቁ ፓኬት ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ በትንሹ ደግሞ በዚያ ላይ 8 ሰከንድ ያህል ይጨምራል። የራስጌ መጭመቂያው ከሠራ ልዩነቱ የበለጠ ይጠባል፤ በ1990 የወጣው የቫን ጃኮብሰን ዘዴ 40ውን ባይት ወደ ጥቂት ባይት ያወርደዋል። ልብ በሉ ግን፣ የቲሲፒ ታይምስታምፕ (በየፓኬቱ ላይ የሚጻፍ የሰዓት ምልክት) ከበራ ይህ መጭመቂያ ከጥቅም ውጪ ይሆናል፣ በየፓኬቱ የሚለዋወጥ ቁጥር ስለሚገባ። በዚህ ፍጥነት ላይ ታይምስታምፕ ብዙም አይጠቅምምና አጥፉት።

እኔ በግሌ፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚጠቀምበት መስመር ከሆነ 576ን እመርጣለሁ። 8 ሰከንዱ አያሳስበኝም። ማታ ለማውረድ ብቻ የሚበራ ማሽን ከሆነ ግን 1,500።

አማራጮቹን ጎን ለጎን ስናያቸው

ከትንሹ እንጀምር፦ 2,144። ይህ 576 ኤምቲዩ ላይ፣ ጭነቱ 536 ስለሆነ፣ አራት ፓኬት ነው። ሙሉ ወረፋው 0.4 ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ፋይል እየወረደ ቻት ማድረግ፣ በርቀት ሌላ ማሽን ላይ መሥራት ይቻላል። ድክመቱ ሩቅ ሰርቨር ላይ ይታያል። የደርሶ መልሱ ጊዜ ከ300 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ መስመሩን ሙሉ ለማድረግ ስለማይበቃ ማውረዱ ይጎተታል። በተጨማሪም ተቀባዩ ደረሰኝ የሚልከው በየሁለት ፓኬቱ ስለሆነ፣ አራት ፓኬት ያለው ዊንዶው ትንሽ መንተፋተፉ አይቀርም።

ቀጣዩ 4,288 ነው፤ ያው 576 ላይ ስምንት ፓኬት። ወረፋው 0.8 ሰከንድ ገደማ። ለእኔ ከሁሉም የተመጣጠነው ይሄ ነው። ሩቅ ሰርቨርንም ይችላል፣ ፓኬት ሲጠፋ የሚመሰክሩ ሌሎች ፓኬቶች በበቂ አሉ፣ ገጽ ስትከፍቱም መተንፈሻ ይተዋል። ስምንቱ ከበዛባችሁ ስድስት ፓኬት ማለትም 3,216 ሞክሩ።

1,500 ኤምቲዩን ከመረጣችሁ ደግሞ 5,840፣ አራት ፓኬት። በእኛ መስመር ላይ ልክ አንድ ሰከንድ ነው። ለአንድ ትልቅ ፋይል ማውረጃ ይህ በቂ ነው፣ ከዚህ በላይ ማሳደግ ፍጥነት አይጨምርም። 8,760 የሚጠቅመው የደርሶ መልሱ ጊዜ በጣም ሲረዝም ወይም ሞደሙ ውስጥ ያለው መጭመቂያ የምር ሲሠራ ነው። ቪ.42ቢስ የሚባለው ይህ የሞደም መጭመቂያ ያልተጨመቀ ጽሑፍ ላይ ፍጥነቱን ወደ እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል፣ ያኔ የሚያስፈልገው ዊንዶውም አብሮ ያድጋል። ችግሩ ዛሬ የምናወርደው ነገር ሁሉ ወይ ቀድሞ የተጨመቀ ነው ወይ በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ፤ የተመሰጠረ ነገር ደግሞ አይጨመቅም። ስለዚህ በዚህ ተስፋ ብቻ ዊንዶው አታሳድጉ።

16,384 እና 17,520 የሚባሉት ከኢተርኔት ዓለም የመጡ ናቸው። ሦስት ሰከንድ ገደማ ወረፋ ያሠራሉ። 65,535ን በተመለከተ ደግሞ፣ ፍጥነት ለመጨመር ተብሎ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ላይ ይገኛል፣ ምክንያቱም በቲሲፒ ራስጌ ላይ ለዊንዶው የተተወው ቦታ 16 ቢት ስለሆነ ያለ ዊንዶው ስኬሊንግ (ቁጥሩን የሚያባዛ ተጨማሪ ቅንብር) ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። ለብሮድባንድ የታሰበ ምክር ነው። በ48 ኪሎቢት ላይ ያ ማለት ወደ 11 ሰከንድ የሚሆን ወረፋ ነው። አገልግሎት ሰጪው ጋ ያለው ማቆያ ይህን ያህል ካልቻለ ደግሞ ፓኬት ይጥላል፣ የተጣለው እንደገና ይላካል፣ ያቺው ጠባብ መስመር አንድን ነገር ሁለቴ ትሸከማለች። ዳያል አፕ ላይ ይህን ቁጥር የምመክርበት አንድም ሁኔታ የለኝም።

ትንሽ ዊንዶው ዛሬ የበለጠ የሚጠቅምበት ምክንያት

ይሄ ነጥብ በድሮዎቹ መመሪያዎች ላይ የለም፣ ሊኖርም አይችልም ነበር። በድሮው አሠራር ሰርቨር ግንኙነት ሲጀምር አንድ ሁለት ፓኬት ልኮ ነበር ደረሰኝ የሚጠብቀው። በ2013 የወጣው ምክረ ሐሳብ ግን በመጀመሪያው ዙር አስር ፓኬት እንዲላክ ፈቀደ፣ ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት እሱ ነው። አስር ፓኬት በእኛ መስመር ላይ ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው። ሰርቨሩ ደግሞ የደርሶ መልሱን ጊዜ የለካው ግንኙነቱ ሲከፈት በተላኩት ትንንሽ ፓኬቶች ስለሆነ፣ ሙሉዎቹ ፓኬቶች ሲዘገዩበት ጠፉ ብሎ እንደገና ሊልክ ይችላል። ምንም ሳይጠፋ ማለት ነው! ቀርፋፋ መስመር ላይ ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ ላይ የሚታየው ያ ግራ የሚያጋባ መንቀርፈፍ አንዱ ምንጩ ይሄ ነው።

ትንሽ ዊንዶው ይሄንን ያስቆማል። ሰርቨሩ አስር ለመላክ ቢፈልግም እናንተ አራት ብላችሁታል፤ አራት ነው የሚልከው።

ብሮውዘሩን ጨምራችሁ ቁጠሩ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለአንድ ግንኙነት ነው። ዊንዶው ለእያንዳንዱ ግንኙነት ለየብቻ ነው የሚሰጠው፣ ብሮውዘር ደግሞ በአንድ አይሠራም። ፋየርፎክስ በነባሪው ወደ አንድ ሰርቨር እስከ 6 ግንኙነት ይከፍታል። ስድስት ጊዜ 5,840 ማለት ስድስት ሰከንድ ወረፋ ነው። ስድስት ጊዜ 2,144 ግን ሁለት ከሩብ ሰከንድ ገደማ። ስለዚህ ድረ ገጽ ማየት ዋና ሥራችሁ ከሆነ ከዊንዶው በፊት የብሮውዘሩን የግንኙነት ብዛት ወደ 2 አውርዱት። በእኔ እምነት ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ነገር የለም። ኤችቲቲፒ 2 የሚባለውን የድረ ገጽ ማስተላለፊያ ደንብ የሚጠቀሙ ገጾች በአንድ ግንኙነት ሁሉን ስለሚልኩ እነሱ ላይ ችግሩ ይቀላል።

ኤችቲቲፒ 3 ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚሄደው በቲሲፒ ላይ ሳይሆን ዩዲፒ በሚባል ሌላ የመላኪያ ደንብ ላይ ነው፣ የራሱ መቆጣጠሪያ አለው፣ እናንተ ያስተካከላችሁትን ዊንዶው ከነአካቴው አያየውም። ሁሉን በትክክል አድርጋችሁ ለውጥ ካላያችሁ እሱን ብሮውዘሩ ላይ አጥፉትና እንደገና ሞክሩ።

የት ነው የሚቀየረው?

በዊንዶውስ 95 እና 98 ላይ ሬጅስትሪ (የሲስተሙ ቅንብር ማከማቻ) ውስጥ ነው፣ በቲሲፒ ቅንብሩ ሥር የመቀበያ ዊንዶው የሚል ዋጋ ታስገባላችሁ። ዊንዶውስ ኤክስፒም እንዲሁ፤ እሱ እንዲያውም ከ1 ሜጋቢት በታች ለሆነ መስመር ራሱ 8 ኪሎባይት ገደማ ይመርጣል፣ ስለዚህ ብዙም ላትቸገሩ ትችላላችሁ።

ከቪስታ ጀምሮ ያሉት ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ያ የሬጅስትሪ ዋጋ ከዚያ በኋላ አይሠራም፣ ብታስገቡትም ሲስተሙ አያነበውም። በምትኩ አውቶ ቱኒንግ የሚባለው አለ፣ ዊንዶውን እንደ ሁኔታው ራሱ ያሳድጋል። ሰዎች ታዲያ እሱን ያጠፉና ዊንዶውን ያሳነሱ ይመስላቸዋል። ሲጠፋ ዊንዶው 64 ኪሎባይት ላይ ይቆማል፤ ያ ቅድም ያየነው የ11 ሰከንድ ወረፋ ነው። አውቶ ቱኒንጉም ቢሆን በቀርፋፋ መስመር ላይ ጥሩ ዳኛ አይደለም። ወረፋው ራሱ የደርሶ መልሱን ጊዜ ሲያስረዝመው፣ እሱ መንገዱ ረጅም ነው ብሎ ዊንዶውን ያሳድጋል፣ ወረፋው ደግሞ ይብስበታል። በእነዚህ ሲስተሞች ላይ የሚሻለው መካከል ላይ ሊኑክስ ያለበት ትንሽ ማሽን ወይም ራውተር አድርጎ፣ የሚገባውን ፍጥነት ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርጎ እዚያው መገደብ ነው። ኬክ የሚባለው የወረፋ አስተዳዳሪ ለዚህ ጎበዝ ነው፣ ለዝግተኛ መስመር ራሱን ያስተካክላል።

ሊኑክስ ላይ ሥራው ደስ ይላል። ፓኬት በየት እንደሚሄድ የሚወስነው የመንገድ ሠንጠረዥ ላይ፣ በሞደሙ በኩል ለሚያልፈው መንገድ ብቻ የዊንዶው ገደብ መስጠት ይቻላል። ቤት ውስጥ ያለው ኔትወርክ በሙሉ ፍጥነቱ ይቀጥላል። የሲስተሙን አጠቃላይ የመቀበያ ማቆያ ከመነካካት ይሄኛውን ምረጡ፣ ምክንያቱም አጠቃላዩን ስታሳንሱ ሁሉም ግንኙነት ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለ መላክ አጭር ነገር ልበል። ፋይል ስትልኩ ወሳኙ የሌላው ወገን ዊንዶው ነው፣ የእናንተ አይደለም። ቪ.90 ወደ ላይ ከ33.6 ኪሎቢት አያልፍም፤ ትልቅ ፋይል ስትልኩ የምታወርዱት ነገር ደረሰኝም በዚያው ወረፋ ይያዛል። መፍትሔው የሚላከውን ፍጥነት በፕሮግራሙ ወይም በራውተሩ መገደብ ነው።

እንግዲህ ምረጡ

መስመሩ ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ገጽ የሚያይ፣ ቻት የሚያደርግ፣ አልፎ አልፎ የሚያወርድ ከሆነ፦ ኤምቲዩ 576፣ ዊንዶው 4,288፣ ብሮውዘር 2 ግንኙነት። ዋናው ሥራ በርቀት ማሽን ላይ መተየብ ከሆነ 2,144። ለማውረድ ብቻ የቆመ ማሽን ከሆነ 1,500 እና 5,840፣ ሰርቨሩ በጣም ሩቅ ከሆነ 8,760። ሞደማችሁ 28.8 ላይ የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ ወረፋዎቹ ሁሉ አሁን ካልኩት በሁለት ሦስተኛ ያህል ይረዝማሉና፣ ያለ ማቅማማት 576 ውሰዱ።

ማንኛውንም ከመንካታችሁ በፊት ግን መስመሩ ንጹሕ መሆኑን እዩ። ሞደሙ በተደጋጋሚ ፍጥነት የሚያወርድ ከሆነ ወይም የፒፒፒ (የሞደም ግንኙነቱ ደንብ) ስህተት ቆጣሪው እየጨመረ ከሆነ፣ ችግሩ ከሽቦው ወይም ከሲሪያል ፖርቱ ነው፣ የትኛውም ዊንዶው አያድነውም።

ከዚያ እንዲህ ሞክሩ። መጀመሪያ ምንም ሳታወርዱ ፒንግ አድርጉና ቁጥሩን ጻፉ። ቀጥሎ የተጨመቀ ትልቅ ፋይል ማውረድ ጀምሩ፣ ጎን ለጎን ፒንጉ ይቀጥል፣ የማውረጃውን ፍጥነትም ያዙ። ዊንዶውን አንድ አንድ ፓኬት እየቀነሳችሁ ድገሙት። ፒንጉ እየወረደ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ይቆያል። የሆነ ቦታ ላይ ፍጥነቱ መውረድ ይጀምራል፤ ከዚያች ቦታ አንድ ፓኬት ወደ ላይ መልሱ፣ የእናንተ ቁጥር እሷ ናት። ለውጡ የሚታየው አዲስ በሚከፈቱ ግንኙነቶች ላይ ብቻ ስለሆነ በየሙከራው ማውረዱን አቋርጣችሁ ጀምሩት፣ በድሮዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ደግሞ ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሱት። የድሮውን ዋጋም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ።